ፔንቲየም 200 ላይ ምን ካርድ ይሰካ? ከግራፊክስ ካርዱ በፊት ዲስኩን አስብ

ጥያቄው ይህ ነው፦ "ጎረምሳ ሳለሁ እቤት የነበረንን ኮምፒውተር ከዕቃ ቤት አውጥቼ አስነሳሁት። ፔንቲየም ኤምኤምኤክስ 200 ነው። ማዘርቦርዱ የኢንቴል 430ቲኤክስ ቺፕሴት አለው። 32 ሜጋባይት ራም፣ መንቋቋት የጀመረ 2 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ፣ ሲዲ ሮም፣ 1 ሜጋባይት ያላት የቪጂኤ ካርድ። ሳውንድ ካርድም ኔትወርክም የለውም። አራት የፒሲአይ፣ ሦስት የአይኤስኤ ስሎት አለው። የዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ሥርዓት) ጌሞችንና የዊንዶውስ 98 ዘመን የመጀመሪያዎቹን ባለ 3ዲ ጌሞች መጫወት እፈልጋለሁ። ያሰብኩት ጂፎርስ 2 ኤምኤክስ፣ ሳውንድ ብላስተር ላይቭ፣ ጊጋቢት ኔትወርክ ካርድና የዩኤስቢ 2.0 ካርድ ነው። ራሙንም 128 ላደርሰው ነው። አራቱም ካርዶች ፒሲአይ ስለሆኑ ይገባሉ። ከየትኛው ልጀምር?"

ቁርጡን ልንገርህ፦ ከዝርዝርህ ውስጥ እንዳለ የማጸድቀው አንድም የለም። ካርዶቹ መጥፎ ሆነው አይደለም። የሌላ ኮምፒውተር ካርዶች ናቸው። ጂፎርስ 2 ኤምኤክስ ግራፊክስ ካርድ በ2000 የወጣ ነው፤ ያንተ ፕሮሰሰር ደግሞ በ1997 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ጊዜ ሦስት ዓመት ማለት ብዙ ነበር፤ የፕሮሰሰር ፍጥነት ከ200 ሜጋኸርዝ ተነስቶ 1000 የደረሰው በዚሁ መሃል ነው።

መጀመሪያ "ፒሲአይ ስለሆኑ ይገባሉ" ያልከውን እናስተካክል። መግባትና መሥራት ለየቅል ናቸው። ፒሲአይ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ካርድ የሚሰካበት የስሎት ዓይነት፣ በ1992 ሲመጣ በተግባር ባለ 5 ቮልት ስሎት ነበር። የ3.3 ቮልት መስመር በስታንዳርዱ ላይ ቢኖርም ብዙ የድሮ ማዘርቦርዶች ላይ ያ መስመር ባዶ ነው፤ ምክንያቱም የድሮው የኤቲ ፓወር ሰፕላይ 3.3 ቮልት የሚባል ነገር አያወጣም። አሁን ካርዱን እየው። ጥርሱ ላይ ሁለት ክፍተት ካለው ከሁለቱም ዓይነት ስሎት ጋር ይገጥማል። ይህ ግን 3.3 ቮልት አያስፈልገውም ማለት አይደለም። የዩኤስቢ 2.0 ካርዶችና የኋለኛው ዘመን ግራፊክስ ካርዶች ብዙዎቹ ያንን ቮልት ከስሎቱ ይጠብቃሉ። ሲያጡት አይቃጠሉም፣ አይጮሁም። ዝም ነው የሚሉት። አንዳንዴ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አይነሳም፣ አንተም ካርዱ የተበላሸ መስሎህ ሻጩን ትረግማለህ። በመልቲሜትር ስሎቱን የሚለካልህ ሰው ካለ ጥሩ። ከሌለ የ1996፣ 97 እና 98 ካርዶች ላይ ቆይ፤ እነሱ በአብዛኛው ለ5 ቮልት የተሠሩ ናቸው።

ሁለተኛው ስህተት "አዲሱ ካርድ ይፈጥናል" የሚለው ነው። ፒሲአይ 32 ቢት በ33 ሜጋኸርዝ ነው፤ በወረቀት ላይ በሰከንድ 133 ሜጋባይት ያህል ማለት ነው። ይህንንም የፒሲአይ ካርዶቹ ሁሉ ይካፈሉታል። ከዚህ በላይ ደግሞ ሥራውን የሚያቀብላቸው ያው 200 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር ነው። ጂፎርሱ ሥራውን በቅጽበት ጨርሶ ፕሮሰሰሩን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ጊጋቢት ኔትወርኩም እንደዚያው። የጭነት መኪና ሞተር ብስክሌት ላይ እንደመጫን ነው፤ ሰንሰለቱ አይችለውም።

አሁን ከየት ትጀምራለህ? ከዲስኩ። ስለ እሱ እንደ ዋዛ አንድ ቃል ጣል አድርገህ አለፍክ፤ እኔ ግን ከሁሉም በፊት ያየሁት እሱን ነው። የሚንቋቋ ሃርድ ዲስክ ቀኑን እየቆጠረ ነው። በላዩ ላይ የድሮ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ የጌም ሴቭ ካለ ሌላ ምንም ሳትነካ አሁኑኑ ቅዳ። ደጋግመህ አታስነሳው። "እስኪ ዛሬ ይሠራ ይሆን" እያልክ በየቀኑ ብትሞክረው አንድ ቀን አይሠራም።

በምትኩ ሌላ አሮጌ ሃርድ ዲስክ አትግዛ። የኮምፓክት ፍላሽ ካርድና ወደ አይዲኢ (የድሮ ዲስኮች መሰኪያ) የሚቀይር አስማሚ ግዛ። ኮምፓክት ፍላሽ ሲፈጠር ጀምሮ የአይዲኢን ቋንቋ መናገር ስለሚችል አስማሚው በመካከል ምንም የሚተረጉም ቺፕ አያስፈልገውም፤ እግሮቹን ከእግሮች ጋር ማገናኘት ብቻ ነው ሥራው። ርካሽ የሆነውም ለዚህ ነው። በኮምፒውተሩ ጀርባ በኩል፣ ባዶ የካርድ ቀዳዳ ላይ የሚታሰር ዓይነት አለ። እሱን ምረጥ። ለምን እንደሆነ ዩኤስቢ ጋ ስደርስ እነግርሃለሁ።

መጠኑ ላይ አትስገብገብ። ከ1998 በፊት የተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ባዮሳቸው (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ከ8.4 ጊጋባይት በላይ አይቆጥርም። ከዚያ የበለጠ ስትሰካበት ወይ አሳንሶ ያየዋል ወይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። 8 ጊጋባይት ተብሎ የሚሸጥ ካርድ ከዚህ ድንበር በታች ስለሆነ ያለ ጣጣ ይገባል። 4 ጊጋባይትም ቢሆን ለዚያ ዘመን ጌሞች ይተርፋል። ከዚህ በላይ ካላገኘሁ ሞቼ እገኛለሁ የምትል ከሆነ የራሱ ባዮስ ያለው የፒሲአይ አይዲኢ ካርድ አለ፤ ለምሳሌ ፕሮሚስ አልትራ 100። ድንበሩን ወደ 137 ጊጋባይት ይገፋልሃል። ግን አንድ ስሎት ይበላል፣ በዊንዶውስ ድራይቨር ይጠይቃል፣ ሲዲ ሮሙን በእሱ ላይ ከሰካኸው ደግሞ በዶስ ሊያለፋህ ይችላል። ላንተ አይመጥንም።

ሁለት ማሳሰቢያ ስለ ፍላሹ። ብዙ አስማሚዎች የዲኤምኤ (ፕሮሰሰሩ ሳይገባበት ዳታ የሚተላለፍበት) መስመር አልተዘረጋባቸውም፤ ስለዚህ በዊንዶውስ 98 ውስጥ ለዲስኩ "ዲኤምኤ" የሚለውን ሣጥን ምልክት አታድርግበት። ያለ እሱም በፒአይኦ 4፣ ፕሮሰሰሩ ራሱ ዳታውን በሚያመላልስበት አሠራር፣ እስከ 16.6 ሜጋባይት በሰከንድ ድረስ መንገድ አለው። ያ አሮጌ ዲስክህ ወደዚያ አይጠጋም። ሌላው፣ ዶስ 6.22ን ለብቻ ልጫን አትበል። እሱ ፋት32ን (ትልልቅ ዲስኮች ፋይል የሚይዙበትን አደረጃጀት) አያነብም፣ በ2 ጊጋባይት በ2 ጊጋባይት እየቆራረጥክ ትኖራለህ። ዊንዶውስ 98 ሁለተኛ እትምን ጫን፤ ሲነሳ ኤፍ8 ተጭነህ ወደ ራሱ ዶስ ግባ። ለጌሞቹ ያው ዶስ ነው።

ራሙ ካርድ ባይሆንም ስለጠቀስከው፦ 128 አታድርገው። 430ቲኤክስ ካሽ የሚያደርገው (ለፕሮሰሰሩ ቅርብ በሆነ ፈጣን ማኅደር የሚያግዘው) የመጀመሪያውን 64 ሜጋባይት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ራም ይሠራል፣ ግን ሁለተኛው ካሽ አያውቀውም። ዊንዶውስ ደግሞ ከላይኛው ጫፍ ጀምሮ መጠቀም ይወዳል። ስለዚህ ራም ጨምረህ ኮምፒውተሩን ታዘገየዋለህ። ይህን ያላመኑ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ትርፉን ራም ሲነቅሉት ነው የሚያምኑት። ልክ 64 አድርገውና ተወው።

ወደ ሳውንድ ካርዱ እንግባ። ከካርድ ምርጫህ ሁሉ ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ነው። በዊንዶውስ ጌሙ "ድምፅ አሰማ" ይላል፣ ድራይቨሩ የራሱን መንገድ ፈልጎ ያሰማል። ካርዱ ምንም ይሁን ምን ለጌሙ ግድ የለውም። በዶስ እንዲህ የሚባል ደላላ የለም። ጌሙ ራሱ እጁን ሰዶ ካርዱን ይነካል። አድራሻ 220 ላይ ይጽፋል፣ አይአርኪው 5 ወይም 7 (ካርዱ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት መስመር) ላይ መልስ ይጠብቃል፣ ድምፁን በዲኤምኤ 1 በኩል ያስተላልፋል። ያ ዲኤምኤ ከመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ፣ ከ1981 ጀምሮ የነበረ አሠራር ነው፤ መስመሮቹም ከፒሲአይ በፊት በነበረው በአይኤስኤ ስሎት ላይ እንጂ በፒሲአይ ስሎት ላይ የሉም። ስለዚህ ሳውንድ ብላስተር ላይቭ በዶስ ሳውንድ ብላስተር 16 መስሎ ለመታየት በሶፍትዌር ማስመሰል አለበት። ለዚያ ኢኤምኤም386 የሚባለውን የዶስ ማኅደረ ትውስታ አስተዳዳሪ መጫን ይፈልጋል፣ ከራምህ ላይ ይቀማል፣ አንዳንድ ጌሞች ጋር ይስማማል፣ አንዳንዶቹ ጋር ይጣላል፣ ከሌሎቹ ጋር ደግሞ ኮምፒውተሩን ይዞ ይወድቃል። በዊንዶውስ ጎበዝ ካርድ ነው፣ አልዋሽም። ያንተ ጥያቄ ግን ዶስ ነው።

"አይኤስኤ ቀርፋፋ አይደለም እንዴ?" ትለኝ ይሆናል። ቀርፋፋ ነው፣ 16 ቢት በ8 ሜጋኸርዝ አካባቢ። አሁን ሒሳቡን ሥራ። የሲዲ ጥራት ያለው ስቴሪዮ ድምፅ በሰከንድ 176 ኪሎባይት ገደማ ነው። አይኤስኤ በደካማ ቀኑ እንኳ ከዚህ ብዙ እጥፍ ያሳልፋል። ለድምፅ ፈጣን መንገድ አያስፈልግህም፣ ትክክለኛው መንገድ ነው የሚያስፈልግህ።

እና የትኛው አይኤስኤ ሳውንድ ካርድ? ስሙ ያሰክራልና ሁሉም ሰው "ሳውንድ ብላስተር 16" ይላል። በ1992 የወጣ፣ ታሪክ የሠራ ካርድ ነው። ግን በስሙ ሥር ብዙ ዓይነት ተሸጧል፣ ብዙዎቹም ያስቀይማሉ። አንዳንዶቹ ከበስተኋላ ሽሽሽ የሚል ድምፅ አላቸው። ብዙዎቹ ደግሞ ላያቸው ላይ የሚዲ (የሙዚቃ ኖታ የሚያጫውት) ካርድ ሲሰካ ኖታ እየተንጠለጠለ የሚጮህበት የታወቀ ችግር አለባቸው። በኋላ የወጡት ርካሾቹ ላይ የጌሙን ሙዚቃ የሚያመነጨው የያማሃው ኦፒኤል3 ቺፕ ተነስቶ በክሪኤቲቭ የራሱ አስመስሎ ሠሪ ተተክቷል፤ ጆሮህ ከልጅነትህ ጀምሮ የያማሃውን ድምፅ ካወቀው ልዩነቱ ይሰማሃል። እኔ የምመክርህ የያማሃ 719 ቺፕ ያለበትን ካርድ ነው። እውነተኛው ኦፒኤል3 በውስጡ አለ፣ ድምፁ ንጹህ ነው፣ ስሙ ስለማይታወቅ ሰው አይሻማበትም። ጉድለቱ ሳውንድ ብላስተር ፕሮን እንጂ 16ን አለመምሰሉ ነው፤ በጌሙ ማስተካከያ ውስጥ "ፕሮ" የሚለውን መምረጥ ብቻ ነው። እሱ ከጠፋ ኢኤስኤስ 1868 ያለበት ካርድ ሁለተኛ ምርጫዬ ነው። ሁለቱም ከጠፉ በቅርብ ጊዜ የተሠራ ፒኮገስ የሚባል የአይኤስኤ ካርድ አለ፤ በትንሽ ዘመናዊ ቺፕ ግራቪስ አልትራሳውንድን፣ አድሊብንና ሳውንድ ብላስተርን ይመስላል። አሮጌ ዕቃ ማሳደድ ለሰለቸው ሰው መልካም ነው።

ሰዎች የሚረሱት አንድ ነገር ጨምር። ከሲዲ ሮሙ ጀርባ ወደ ሳውንድ ካርዱ የምትሄድ አራት እግር ያላት ቀጭን ገመድ አለች። የዚያን ዘመን ብዙ ጌሞች ሙዚቃቸውን እንደ ተራ የሙዚቃ ሲዲ ነው ዲስኩ ላይ ያስቀመጡት። ገመዷ ከሌለች ተኩሱ ይሰማል፣ ሙዚቃው የለም። ከዚያ ካርዱን ትጠረጥራለህ። ካርዱ ምንም አላደረገ።

ግራፊክሱ። እዚህ ጋ የምሥራች አለኝ፤ ያቺን 1 ሜጋባይት ካርድ አትናቃት። 640 በ480 በ256 ቀለም ወደ 300 ኪሎባይት ብቻ ነው የሚፈልገው። 800 በ600 በ16 ቢት ቀለም እንኳ 960 ሺህ ባይት ነው፣ ይገባል። ለዶስ ጌሞች ከበቂ በላይ ነው። ክዳኑን ክፈትና ትልቁ ቺፕ ላይ የተጻፈውን አንብብ። ኤስ3 ትሪዮ64 ከሆነ እጅህ ላይ ካሉት ሁሉ ምርጡ ዕቃ እሱ ነው፤ ከዶስ ጌሞች ጋር የማይጣላ፣ ፈጣን፣ ጸባየኛ ካርድ ነው። ሌላ ከሆነም ምስሉ እስካልተበላሸ ድረስ አትቀይረው። ኤስ3 ቨርጅ የሚል ከሆነ ለ2ዲ አጥጋቢ ነው፣ በሣጥኑ ላይ ስለ 3ዲ የተጻፈውን ግን እርሳው። በዘመኑ ተጫዋቾች አፍጣኝ ሳይሆን "አዘግዪ" እያሉ ቀልደውበታል።

ለ3ዲው በጎኑ ቩዱ ጨምር፤ በ1996 የወጣውን የመጀመሪያውን የ3ዲኤፍኤክስ ካርድ፣ 4 ሜጋባይት ያለውን። ቩዱ የግራፊክስ ካርድህን አይተካም። አጠገቡ ይቀመጣል። ከቪጂኤ ካርድህ የወጣ ገመድ ወደ ቩዱው ይገባል፣ ከቩዱው ደግሞ ወደ ሞኒተር ይሄዳል። ዶስና ዊንዶውስ ሲሆን ምስሉን ዝም ብሎ ያሳልፋል። 3ዲ ጌም ሲነሳ መንገዱን ቀጭ አድርጎ ራሱ ይይዛል። ማኅደረ ትውስታውም የራሱ ስለሆነ የ1 ሜጋባይቷ ካርድህ አትጎትተውም። ከአንተ ፕሮሰሰር ጋር ደግሞ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ጌም የሠሩት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ የነበረው ይኸው ጥንድ ነው። 640 በ480 ላይ ለስላሳ ይሄዳል።

ቩዱ 2 ብታገኝስ? በርካሽ ካገኘኸው ውሰደው፤ ፍጥነቱን ብለህ ተጨማሪ ገንዘብ ግን አታውጣበት። በ200 ሜጋኸርዝ ላይ የሚገድብህ ፕሮሰሰሩ ነው። ለመጀመሪያው ቩዱ ብቻ ተብለው የተሠሩ አንዳንድ የዶስ ጌሞችም ቩዱ 2 ላይ እምቢ ይላሉ። ቩዱ 3 በፒሲአይ ሁለቱንም ሥራ በአንድ ካርድ ይሠራል፣ ገመድም የለውም፤ እነዚያ የዶስ ጌሞች ግን እዚያም ላይ አይነሱም። ሁሉም ከጠፋ ሪቫ 128 በዊንዶውስ ለዳይሬክት3ዲ (የማይክሮሶፍት የ3ዲ ቋንቋ) ጌሞች ያገለግላል፤ ምስሉ ትንሽ ሻካራ ነው፣ ግላይድ የሚባለውን የቩዱ ቋንቋም አያውቅም። የቩዱ ዋጋ ከሰብሳቢዎች የተነሳ ንሯል። ስለዚህ ይህ ካርድ የመጨረሻው ግዢህ ይሁን። አትቸኩል። ኮምፒውተሩ ያለ እሱም ሙሉ የዶስ ማሽን ነው።

ኔትወርክ ላይ ብዙ አልቆይም። 10 እና 100 ሜጋቢት የሚችል የፒሲአይ ካርድ ውሰድ፤ ሪያልቴክ 8139 ወይም የስሪኮም 3ሲ905። ሪያልቴኩ በየቦታው ተጥሎ ይገኛል፣ የዊንዶውስ 98ም የዶስም ድራይቨር አለው። 10 ሜጋቢት ብቻ የሆኑት የአይኤስኤ ካርዶች፣ ለምሳሌ 3ሲ509ቢ፣ ጥሩ ካርዶች ናቸው። ግን አንዳንድ አዳዲስ ስዊቾች 10 ሜጋቢት ጭርሱን አይቀበሉም፣ የአይኤስኤ ስሎትህንም ለድምፁ ብታቆየው ይሻላል። ክብ የኮአክሲያል መሰኪያ ብቻ ያለውን ካርድ ደግሞ ዝም ብለህ እለፈው። እና አደራ፣ ይህን ኮምፒውተር ኢንተርኔት ላይ አትልቀቀው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 98 ማስተካከያ መስጠት ያቆመው በ2006 ነው። የዛሬ ድረገጾችም በምስጠራቸው ምክንያት አይከፈቱለትም። ኤምቲሲፒ የሚባል ነፃ የዶስ ፕሮግራም አለ፤ በእሱ ኤፍቲፒ (ፋይል ማስተላለፊያ) ከሌላው ኮምፒውተርህ ፋይል ውሰድ፣ በቃ።

ዩኤስቢውን ሰርዝ። ዶስ ለእሱ ደንታ የለውም። ዊንዶውስ 98 ደግሞ ለፍላሽ ዲስክ ለብቻው ድራይቨር ይፈልጋል። የ3.3 ቮልቱን ጣጣ ቅድም ነግሬሃለሁ። ከሁሉ በላይ ግን አያስፈልግህም፦ ያ በጀርባ በኩል የታሰረው ኮምፓክት ፍላሽ ዲስክህ ራሱ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍተህ ነቅለህ በካርድ አንባቢ አዲሱ ኮምፒውተርህ ላይ ትሰካዋለህ፣ የፈለግከውን ትገለብጣለህ፣ ትመልሰዋለህ። ሙሉውን ዲስክ እንዳለ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝም ትችላለህ። አጥፍተህ ያልኩትን አስምርበት፤ እየሠራ መንቀል አይሆንም።

ስለ ስሎቶቹ ቁጥር አንድ ነገር። አራት ፒሲአይና ሦስት አይኤስኤ ሰባት ካርድ ማለት አይደለም። መሃል ላይ ያሉት፣ የመጨረሻው ፒሲአይና የመጀመሪያው አይኤስኤ፣ በኮምፒውተሩ ጀርባ አንድ ቀዳዳ ይጋራሉ። አንዱ ሲሞላ ሌላው ይዘጋል። ስለዚህ ስድስት ነው። የፍላሹም አስማሚ አንድ ቀዳዳ ይይዛል። የሆነ ሆኖ ቪጂኤ፣ ቩዱና ኔትወርክ በፒሲአይ፣ ድምፁ በአይኤስኤ፤ ቦታ ይተርፍሃል።

የሚያጣላህ ስሎቱ ሳይሆን አይአርኪው ነው። በወረቀት 16 ናቸው፤ አንዱ ለሁለቱ ተቆጣጣሪዎች ማገናኛ ሆኖ ይሄዳል፣ ኪቦርዱ፣ ሰዓቱ፣ ሁለቱ ሲሪያል ወደቦች፣ ፍሎፒው፣ ሁለቱ አይዲኢዎች፣ ማተሚያው የየራሳቸውን ይይዛሉ። የቀረው ጥቂት ነው። ባዮስ ደግሞ ሲነሳ አይአርኪው 5ን ነፃ መስሎት ለአንድ የፒሲአይ ካርድ ይሰጠዋል። ከዚያ ሳውንድ ካርድህ ዲዳ ይሆናል፣ ወይም ድምፁ አንድ ሰከንድ ተሰምቶ ያንኑ እየደጋገመ ይንተባተባል። መፍትሔው ባዮስ ውስጥ ፒሲአይና ፕለግ ኤንድ ፕሌይ የሚለው ገጽ ላይ ነው፦ አይአርኪው 5ን ለአይኤስኤ እንዲቆይ፣ "ሌጋሲ" የሚለውን፣ ምረጥ። ዲኤምኤ 1ንም እንደዚሁ። ማተሚያ ከሌለህ የማተሚያውን ወደብ ዝጋው፣ አይአርኪው 7 ይተርፍሃል። እኔ በአንድ ወቅት ቅዳሜን ከጠዋት እስከ ማታ የጨረስኩት በአንድ የስካዚ (ዲስክና መሰል ዕቃ የሚያገናኝ) ካርድ ነው። በፋብሪካ የተቀመጠለት አድራሻ 330 ነበር። የሚዲ አድራሻም 330 ነው። ሁለቱም ለየብቻ ይሠራሉ፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ኮምፒውተሩ ይደርቃል። አንዲት ጃምፐር፣ ካርዱ ላይ ሁለት እግር የምታገናኝ ትንሽ መሰኪያ፣ ነበረች መፍትሔዋ። ከዚያ ወዲህ ካርድ የምጨምረው አንድ በአንድ ነው፤ አንዱን ሰክቼ፣ ሞክሬ፣ ይዞት የተቀመጠውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ከዚያ ነው ሁለተኛውን የማነሳው። አንተም እንደዚያ አድርግ።

ማንኛውንም ካርድ ከማዘዝህ በፊት ግን ክዳኑን ክፈትና ሁለት ነገር እይ። አንደኛው ባትሪው ነው። ክብ ጠፍጣፋ ከሆነ ቀይረው፣ ቀላል ነው። በርሜል የመሰለች ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ባትሪ ካየህ ዛሬውኑ ቁረጣት፤ እነዚህ ሲያረጁ የሚያፈሱት ፈሳሽ የማዘርቦርዱን መስመሮች ይበላል። ሁለተኛው ፓወር ሰፕላዩ ነው። በአየር ቀዳዳዎቹ አሻግረህ ስታይ ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትናንሽ ሲሊንደሮች) ጫፋቸው ካበጠ ወይም ከሥራቸው ቡናማ ነገር ከወጣ አዲስ ካርድ አትሰካበት። የኤቲ ዓይነት ከሆነ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄዱት ሁለት መሰኪያዎች ሲገቡ ጥቁሮቹ ሽቦዎች መሃል ላይ ጎን ለጎን ይሁኑ። ከተገለባበጡ ማዘርቦርዱን ታጣዋለህ። የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ራሱን ደግሞ አትክፈተው፤ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ኤሌክትሪክ ይይዛል። በአዲስ ፓወር ሰፕላይ ልተካው ካልክ ሁለት ነገር አረጋግጥ። የ5 ቮልት መስመሩ በቂ አምፔር ይስጥ፣ ምክንያቱም አዲሶቹ ኃይላቸውን 12 ቮልት ላይ ነው ያከማቹት። የአይኤስኤ ካርድህም ኔጋቲቭ 5 ቮልት የማይፈልግ ይሁን፤ አዳዲሶቹ ያንን መስመር ትተውታል።

ስትገዛ ካርዱ የሚሸጥበትን ስም አትመን፣ የቺፑን ፎቶ ጠይቅ። "ሳውንድ ብላስተር ተስማሚ" የሚለው ቃል ምንም ማለት አይደለም። ቺፑ ላይ ያለው ቁጥር ነው የሚናገረው። "አልተሞከረም" የሚል ጽሑፍ ካየህ "ተሞክሮ አልሠራም" ብለህ አንብበው፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ ንገረው። ሲደርስህ ጥርሱን በአልኮል አጽዳ። ስሎቱ ውስጥ ቀጥ አድርገህ፣ ሁለቱንም ጫፍ እኩል እየተጫንክ አስገባ፤ አንድ ጫፉ ብቅ ብሎ የቀረ ካርድ ኮምፒውተሩን ሊያበላሽ ይችላል።

ስለዚህ ትእዛዜ ይህ ነው። በመጀመሪያው ዙር ባትሪ፣ 8 ጊጋባይት ኮምፓክት ፍላሽ ከነአስማሚው፣ ራሙን 64 ማድረስ። በሁለተኛው ዙር የያማሃ 719 አይኤስኤ ሳውንድ ካርድ ከሲዲ ገመዷ ጋር። እዚህ ላይ ቁም፣ አንድ ወር ተጫወትበት። አንዳንድ የ80ዎቹ ጌሞች እብድ ሆነው ሲሮጡ ካየህ ካርድ አይደለም መፍትሔው፤ ባዮስ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ውስጣዊ ካሽ ዝጋው፣ ወደ 386 አካባቢ ይወርዳል። ከዚያ ኔትወርኩ። ቩዱው ሲገኝ። ጂፎርሱን ቀድመህ ከገዛኸው ደግሞ አትጣለው፤ አንድ ቀን ፔንቲየም 3 ማግኘትህ አይቀርም፣ ቦታው እዚያ ነው።